ከወህኒ ደጅ እስከ ቡና ጓሮ

የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሻሮቺ ለወራት በጫካ ሲሸሹ ቆይተው በ1890 ዓ.ም. መባቻ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተያዙ። በብር ሰንሰለት ታስረው ወደ ሸዋ ተወሰዱ፣ እዚያው በግዞት ሳሉም ሞቱ። ዘውዳቸው በስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ እጅ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሷል፤ ባለቤቱ ግን አልተመለሱም።

የአገራችንን የእስር ታሪክ ሳስብ የምጀምረው ከዚህ ነው። ሚዛን ተፈሪ ተወልጄ ያደግሁ፣ እንጀራዬን በተከላካይ ጠበቃነት የበላሁ ሴት ነኝ። ስለሚታሰረው ሰው ብዙ ተብሏል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ተፈትቶ ወደ ቀዬው የሚመለሰው ነው።

በኋላም ደቡብ ምዕራብ ሰው የሚወሰድበት ብቻ ሳይሆን የሚላክበትም አገር ሆነ። ደራሲው አቤ ጉበኛ በጽሑፋቸው ምክንያት የተጋዙት ጎሬ ነበር።

በድሮው ሥርዓት እስር በአመዛኙ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ መያዣ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። ቁራኛ የሚባለው ይህ ልማድ ጭካኔ ነበረበት፤ ይመለስ የሚል ሰው የለም፣ እኔም አልልም። ሆኖም ተበዳዩ ከጉዳዩ ተገፍቶ አይወጣም ነበር። በ1936 ዓ.ም. የወህኒ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 45 ሲወጣ እስረኛው ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ሆነ፤ መዝገቡም፣ ጠባቂውም፣ ቁልፉም። የተበዳይ ቤተሰብ ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ከሩቅ የሚሰማ ሆነ።

ቢሆንም ሕጉ አንድ ቀጭን ክር አስቀርቶ ነበር። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አመክሮን ሲደነግግ፣ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት የታሰረ ሰው እንዲፈታ ጠባዩ መልካም መሆኑን ብቻ አልጠየቀም፤ በፍርድ የተወሰነውን ወይም ከተበዳዩ ጋር የተስማማበትን ካሳ በአቅሙ መክፈሉንም ጠየቀ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 202 ይህንኑ አስቀጠለ። በይቅርታ አሰጣጥም የዕርቅ ነገር ይታያል። በሥራ ዘመኔ እንደ አንቀጽ 202 የወደድኩት የለም፤ የሽማግሌዎቻችንን ወንበር ከፍርድ ቤቱ ወንበር ጋር የሚያገናኘው እሱ ነውና።

ከዓመታት በፊት በሰው መግደል ተከስሶ የቆምኩለት አንድ የሸኮ ገበሬ ነበር። በአመክሮ የወጣው ቡና በሚቀላበት በጥቅምት ነው። ወንድሞቹ ጓሮውን እያረሙ ጠብቀውለታል፣ ለቀማው ደርሷል፣ እጅ ይፈለጋል። ነገር ግን ቀዬው መግባት አልቻለም፤ ደም አልደረቀም። የሟች ወገን ባለበት ውሃ መቅዳት፣ ገበያ መውጣት አይታሰብም። ቴፒ ዘመድ ዘንድ ተጠግቶ ሽማግሌዎች እስኪቀመጡለት ጠበቀ። ካሳው ተቆርጦ፣ በግ ታርዶ፣ ሁለቱ ወገኖች አብረው ከበሉ በኋላ ነው ቅርጫቱን ይዞ ቡናው ሥር የገባው። ወረቀቱ ከማረሚያ ቤት አወጣው፤ ወደ ቤቱ ያስገቡት ግን ሽማግሌዎቹ ናቸው። ይህን ያጡት በየትልልቁ የቡና እርሻ እየዞሩ የቀን ሠራተኛ ሆነው ይቀራሉ፤ እዚያ ከየት መጣህ የሚል የለም።

ባህሉን ሁሉ ግን አላወድስም። በአንዳንድ የደቡብ ምዕራብ ማኅበረሰቦች የደም ካሳ ሴት ልጅ መስጠትንም ይጨምር ነበር። ወንድሟ ባጠፋው እሷ የምትከፍልበትን ዕርቅ ሕግ አውጪዎች በባህል ስም እንዳያሳልፉት አጥብቄ እለምናለሁ።

ይህን የምለው የሕጉ ነገር አሁን በእጃችን ስለሆነ ነው። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 365/1995፣ ኋላም 1174/2012፣ የሚገዙት የፌዴራል ማረሚያ ቤቶችን ነው። የክልሎቹ በክልል ሕግ ይተዳደራሉ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ሲመሠረት ምክር ቤቱ ተርጫ፣ የዳኝነቱ መቀመጫ ሚዛን አማን ሆነ። ስለ እስረኞቻችን የሚጻፈው ሕግ ከእንግዲህ ከቀድሞው ክልላችን መቀመጫ ከሐዋሳ አይመጣም።

ሕግ አውጪዎቻችን ሲጽፉት የ2012ቱን መጋቢት ያስታውሱልኝ። ኮሮና ሲገባ የፌዴራል መንግሥት 4,011 እስረኞችን በይቅርታ ፈታ፤ አብዛኞቹ በቀላል ወንጀል እስከ 3 ዓመት የተፈረደባቸው ነበሩ። ክልሎችም የራሳቸውን ፈቱ። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ በሽታው ቢገባ ምን ይደርስ እንደነበር ማሰብ ይከብዳል፤ ውሳኔው ትክክል ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ሽምግልና በ4 ሰው አይሆንም። የበዳይ ወገን አለ፣ የተበዳይ ወገን አለ፣ በመካከል የሚቀመጡት ሽማግሌዎች አሉ። ሰው በብዛት በተፈታበት ሰሞን የሚያስታርቀው ጉባኤ ተዘጋ ማለት ነው።

ስለዚህ የክልሉ የማረሚያ ቤት ሕግና የአደጋ ጊዜ ሕግ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይጻፉ እላለሁ። በወረርሽኝም ሆነ በጎርፍ ወይም በግጭት ጊዜ እስረኛ ሲፈታ፣ ስሙ ለቀበሌው ሽማግሌዎች አስቀድሞ ይድረስ፤ ሜዳ ላይ ተራርቀውም ቢሆን የሚቀመጡበት ፈቃድ በአዋጁ ውስጥ ይኑር። ዕርቁ እስኪያልቅ የሚያርፍበት ቦታና የመሳፈሪያ ገንዘብም በበጀት ይያዝለት።