የአድዋ ዋዜማ፦ ሁለት ሠራዊት የተጠባበቁባቸው ሳምንታት

የአድዋን ድል ስናስተምር በአንዲት ቀን ውጊያ ላይ እናተኩራለን፤ ከእርሷ በፊት ስላለፉት የመጠባበቅ ሳምንታት ግን ብዙም አንናገርም። የዛሬው ንግግሬ ስለ እነርሱ ነው።

በየካቲት 1888 ዓ.ም. የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ሳውሪያ ላይ መሽጎ፣ የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ደግሞ በአድዋ ዙሪያ ሰፍሮ ተፋጠጡ። ለምን ቶሎ አልተዋጉም? በጨዋታ ንድፈ ሐሳብ፣ ጆን ናሽ በ1950 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ፍች፣ አንድ ሁኔታ የተረጋጋ የሚባለው ማንኛውም ወገን ብቻውን ውሳኔውን ቢለውጥ የማይጠቀም ሲሆን ነው። ምኒልክ የተመሸገ ጠላትን በግንባር መግጠም የሚያስከፍለውን መቀሌ ላይ አይተዋል፤ ያ ምሽግ የተለቀቀው ውኃው ከተያዘ በኋላ ነው። ባራቲየሪም ከምሽጉ ቢወጣ በቁጥር እንደሚበለጥ ያውቃል። ሁለቱም መጠበቅን መረጡ። ፍርሃት ነበር የሚል ይኖራል፤ እኔ ስሌት እለዋለሁ።

ይሁን እንጂ በሁለቱም ሰፈር ስንቅ እየተመናመነ ስለ ነበር የመጠበቅ ዋጋ በየቀኑ ይጨምር ነበር። ባራቲየሪ ማፈግፈግን አሰበ። እዚህ ላይ በሜዳው ያልነበረ ሦስተኛ ውሳኔ ሰጪ ይገባል፦ ሮም የተቀመጠው ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ። የካቲት 18 ቀን በላከው ቴሌግራም ጄኔራሉን ክፉኛ ነቀፈው፤ በማፈግፈግ ላይም የውርደት ዋጋ ተጨመረበት። የካቲት 21 ቀን ለምክር የተጠሩት የብርጌድ አዛዦች ማፈግፈጉን ተቃወሙ። በሁለት ተጫዋቾች ብቻ የተሠራ ሠንጠረዥ ይህን አያሳይም።

በማግሥቱ ሌሊት ጉዞ ተጀመረ። የካቲት 23 ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ምኒልክ ሊደፍሩት ያልፈለጉትን ምሽግ የጣሊያን ጦር ራሱ ትቶት መጥቶ ነበር።