ድንጋይን የሚበላ ጨው



በሀገራችን ጨው የተከበረ ነገር ነው፤ አሞሌው ለብዙ ዘመን በገበያ እንደ ገንዘብ ሲዘዋወር ኖሯል። በጥንታዊ ሕንፃ ግድግዳ ውስጥ የሰረገ ጨው ግን የአባቶቻችንን ሥራ ቀስ በቀስ ወደ አሸዋ የሚለውጥ ጠላት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዝናብ ውሃ በዐለቱ ስንጥቅና በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ሲሰርግ በመንገዱ ያገኘውን ጨው አሟሙቶ ይወስዳል። በጋ ሲሆን ውሃው በግድግዳው ፊት ይተናል፤ ጨው ግን አብሮ አይተንም። በቀዳዳዎቹ ውስጥ እየጠነከረ ይቀራል፤ ቦታ ሲያጣም ድንጋዩን ከውስጥ ይገፋዋል። ክረምትና በጋ በተፈራረቁ ቁጥር ግፊያው ይደጋገማልና የድንጋዩ ፊት ይፈረፈራል፤ ሥዕል ያለበት እንደ ሆነም ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተልጦ ይወድቃል። በግድግዳ ላይ እንደ ዱቄት የሚታየው ነጭ ነገር ብዙ ጊዜ የዚሁ ምልክት ነው። ይህን አይቶ በውሃ ማጠብ ጨውን አሟሙቶ ወደ ውስጥ መመለስ ነው፤ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ማራገፍ ይሻላል። ሥዕሉን ግን ለባለሙያ መተው ይገባል።

ውሃና የጥገና ጥድፊያ ስለሚያደርሱት ጉዳት ከላሊበላ የበለጠ ምስክር አናገኝም። (ዘመኑን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እናገራለሁ።) አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት የእሳተ ገሞራ ዐለት ቀዳዳ የበዛበት ስለ ሆነ ውሃን እንደ ልብ ይጠጣል። በ1950ዎቹ ውሃውን ለመከልከል ታስቦ ከሕንፃዎቹ አንዳንዶቹ ሬንጅ ተቀቡ። አሳቡ ቅን ነበር፤ ዳሩ ግን ሬንጅ በስንጥቅ ለገባው ውሃ መውጫ ይነሣዋል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኢጣሊያዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ቅቡን አስነሣ። በ2008 ደግሞ በአንዳንዶቹ ላይ ታላላቅ ጣራዎች ተተከሉ፤ ዝናቡን ቢከለክሉም ክብደታቸው ለካህናቱና ለነዋሪው ሌላ ሥጋት ሆነ።

ጉዳዩ የላሊበላ ብቻ አይደለም። ከሶዶ ወይም ከቢጠና ሆነው ይህን የሚያነቡ ወገኖች በካዎ አማዶ ስም የሚጠራውን የድንጋይ ካብ ያውቁታል። ካቡ ያለ ማያያዣ የተደረደረ ነውና ዝናቡ በድንጋዮቹ መካከል ያልፋል፤ ነፋሱም ያደርቀዋል። ስለዚህ የተናደውን ክፍል በሲሚንቶ እናጥብቀው የሚል ቢነሣ እሺ አትበሉት። ሲሚንቶ ራሱ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ውሃውንም ያግዳል። ካብ መካብ የሚያውቁ የአገሩ ሽማግሌዎች ተጠይቀው የወደቀው ድንጋይ እንደ ቀድሞው ያለ ማያያዣ ይመለስ።