ዕንቍላልና የሴቶች ገንዘብ በማሻ፤ አጭር የታሪክ ጥናት

ስለ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ንግድ የተጻፉት ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ ቡና፣ ስለ ዝሆን ጥርስ፣ ስለ ዝባድና ስለ ማር፣ እንዲሁም ስለ አሳዛኙ የባሪያ ንግድ ነው። እነዚህ በሲራራ ነጋዴ የተጓዙ፣ በየኬላውም ቀረጥ የተከፈለባቸው ስለ ሆኑ መዝገብ ትተው አልፈዋል። ዕንቍላል ግን በቅርጫት ከቤት ወጥቶ፣ በዚያው ቀን ተሸጦ፣ በኬላ ሳይቈጠር የሚያልቅ ነገር ነው። ስለዚህም የታሪክ ጸሐፊ ዐይን አላረፈበትም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማመልከት የምንፈልገው፣ በማሻና በአካባቢው ዕንቍላል የዘወትር ምግብ ከመሆኑ በፊት ሸቀጥ ሆኖ እንደ ነበረ፣ የዚህም ነገር ታሪክ ገንዘብ በሴቶች እጅ የገባበትን መንገድ እንደሚያሳይ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ማሻ በሸካ ደጋ ላይ፣ ከጎሬ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ የምትገኝ ከተማ ናት። አገሩ ዝናም የማይለየው የደንና የእንሰት አገር ሲሆን፣ ቡናው በብዛት የሚበቅለው ዝቅ ብሎ በቴፒ በኩል ነው። ዶሮዋ ቀን በእንሰቱ ጥላ ሥር ትልና ፍርፋሪ እየለቀመች ትውላለች፤ ሌሊት ከቤት ገብታ በቆጥ ላይ ታድራለች። ያገር ዶሮ በዓመት የምትጥለው 40 ያህል ዕንቍላል ነው፤ የአንዱም ክብደት ከ40 ግራም ብዙ አይርቅም። ከዚህም ላይ ለመታቀፍ የሚተወው ተቀንሶ፣ ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ፈንግል፣ ጭልፊትና ሽለምጥማጥ ድርሻቸውን ወስደው፣ የተረፈው ለገበያ ይሆናል። ስለዚህ ባለዶሮዋ በየጊዜው አንድ ጥያቄ ይገጥማታል፤ ይኸውም ልሽጠው፣ ላስታቅፈው ወይስ ለልጅ ላብላው የሚል ነው።

ዶሮ ለኢትዮጵያ አዲስ እንስሳ አይደለችም። በትግራይ መዝበር በተባለው ስፍራ የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት 800 ዓመት ገደማ የሚደርስ ዕድሜ እንዳላቸው ተረጋግጧል። ሆኖም ዶሮ ማርባትና ዶሮ መብላት ሁልጊዜ አብረው የሚሄዱ ነገሮች አይደሉም። ፍሬድሪክ ሲሙንስ በ1961 ባሳተመው፣ ሕዝቦች ስለሚጸየፏቸው ሥጋዎች በሚናገረው መጽሐፉ፣ በአፍሪካ ብዙ ሕዝቦች ዶሮንና ዕንቍላልን ከመብላት ይርቁ እንደ ነበር፣ በካፋም ሴቶች የዶሮ ሥጋ እንዳይበሉ የሚከለክል ልማድ እንደ ነበረ ገልጿል። የሸካና የካፋ ሕዝቦች በቋንቋም በጥንት የመንግሥት አደረጃጀትም የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። እንግዲህ ልማዱ በሸካም በኩል ተመሳሳይ ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። እዚህ ላይ ሊተኰርበት የሚገባው ነገር፣ ዶሮዋን የምትጠብቀውና እንዳትበላ የምትከለከለው አንዲት ሰው መሆኗ ነው። ለማትበላው ነገር የምትደክም ሴት፣ ገበያ ሲመጣላት ለመሸጥ ፈጥና የተዘጋጀች ትሆናለች።

ገበያው የመጣው ከአገሩ ውጭ ነው። በ1897 የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማረከ፤ በ1898 ደግሞ በቀድሞ መጻሕፍት ሞቻ የተባለው የሸካ መንግሥት በአፄ ምኒልክ ግዛት ውስጥ ገባ። ከወታደሩና ከሹሙ ጋር ዶሮ ወጥ የሚያውቅ፣ በፋሲካና በዘመን መለወጫ ዕንቍላል የሚፈልግ ሕዝብ መጣ። በ1902 በተፈረመው ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሲቋቋም፣ የጎሬ መንገድ በቡና ነጋዴ ተጨናነቀ፤ መንገደኛም ስንቅ ይሻል። ዕንቍላል በመጀመሪያ ከቤት የወጣው ሁልጊዜ በሽያጭ አልነበረም። በዚያ ዘመን ለሹምና ለእንግዳ ገበሬው በሚያቀርበው ድርጎ ውስጥ ዶሮና ዕንቍላል የተለመዱ ነበሩ። ያለ ዋጋ ይሰጥ የነበረው ነገር በዋጋ የሚሸጥ እስኪሆን ድረስ ጊዜ ወስዷል።

ለዚህም ለውጥ የገንዘቡ ዐይነት ምክንያት ሆኗል። አሞሌ ጨውና ማርያ ቴሬዛ ብር ለአምስትና ለዐሥር ዕንቍላል መግዣ የሚመቹ አልነበሩም፤ ስለዚህ ዕንቍላል የሚለወጠው በዕቃ ነበር። በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ፣ የ1፣ የ5፣ የ10ና የ25 ሳንቲም ዝርዝር አብሮ ወጣ። ለዕንቍላል ልክ የሆነ ገንዘብ ተገኘ ማለት ነው። የቡናውና የማሩ ገንዘብ በአባወራው እጅ ሲገባ፣ የዕንቍላሉ ሳንቲም በባለዶሮዋ መቀነት ተቋጠረ፤ ከዚያም ጨው፣ ሳሙናና የልጅ ደብተር ሆነ።

የዕንቍላል ዋጋ ከጾም ጋር ይወርዳል፣ ከበዓል ጋር ይወጣል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ገዢ ስለሚቀንስ፣ ብልህ ሴት በዚያ ወራት ዶሮዋን ታስታቅፋለች እንጂ ዕንቍላሏን አታረክስም። በ21ኛው ቀን ጫጩት ይፈለፈላል። ለፋሲካ ደግሞ አውራ ዶሮዋን ታወጣለች። ይህ ትምህርት ቤት ያላስተማረው የንግድ ስሌት ነው።

አንዳንድ ሰው ዕንቍላል የተሸጠው በድህነት ምክንያት ብቻ ነው ሊል ይችላል። ድህነት መኖሩ አይካድም፤ ነገር ግን ድህነት ብቻውን ገንዘቡ የሴቲቱ የሆነበትን ምክንያት አይገልጽም። ኒጉሴ ዳናና ባልደረቦቹ ሸካን ጨምሮ በአምስት አካባቢዎች አጥንተው በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ገበሬዎች ዶሮ ከሚያረቡበት ምክንያት በአብዛኞቹ አካባቢዎች ቀዳሚው ለምግብ የሚሆን ዕንቍላል፣ ተከታዩም ገቢ መሆኑን፣ ከምርት ብዛትም ይልቅ ካገሩ ጋር መስማማትንና መታቀፍን እንደሚያስቀድሙ ገልጸዋል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። በ1953ና በ1956 ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ኒው ሃምፕሻየር፣ አውስትራሎርፕና ዋይት ሌግሆርን የተባሉ የውጭ ዝርያዎች ወደ ጅማና ወደ አለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች መጥተዋል፤ ከዚያም ወዲህ ሌሎች ብዙ ዝርያዎች ተከትለዋል። ብዙ የምትጥለው ዶሮ መልካም ናት። ነገር ግን እንደ ዋይት ሌግሆርን ያለችው ዕንቍላሏን አትታቀፍም፤ መኖና ክትባትም ትሻለች። ጫጩትና መኖ በገንዘብ ሲገዙ፣ የሥራው መነሻ ገንዘብ ያለው ሰው የሥራው ጌታ ይሆናል። በማሻ ያለችው ሴት ግን መነሻዋ አንዲት ቄብ ዶሮና ከእንሰቱ ሥር የሚለቀም ትል ነበር።

ስለዚህ ስለ ዶሮ ርባታ መሻሻል የሚመክሩ ሁሉ፣ ዕንቍላሉ ስንት ሆነ ብለው ሲጠይቁ፣ ሳንቲሙ በማን መቀነት ገባ ብለውም ሊጠይቁ ይገባል። የታሪክ ተማሪም የኬላውን መዝገብ ከዘጋ በኋላ የገበያዋን ቅርጫት ቢመለከት፣ መዝገቡ ያልያዘውን የሴቶችን ድርሻ ያገኛል።