የዜኒት ዓይን

የዜኒት ካሜራን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም። መሳቢያ በኃይል የተዘጋ ይመስል ቋ! ይላል። ጎንደር ፒያሳ በነበረችው ፎቶ ቤታችን እናቶች ሕፃን ይዘው ሲመጡ፣ ልጁን አባብለን አባብለን ጥርሱን ሲያሳየን ቁልፉን እጫናለሁ። ቋ! ሲል ልጁ ደንግጦ እሪ ይላል። እናትየዋ «ወይኔ፣ አለቀሰ!» ትላለች። «አይዞሽ፣ ያለቀሰው ከፎቶው በኋላ ነው» እላታለሁ። ፊልሙ ሲታጠብ እውነትም ልጁ ስቆ ይገኛል።

እስቲ ጠጋ በሉና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ዘመኑ 1979 ዓ.ም. ነው። እኔ የ17 ዓመት ልጅ፣ ጠርሙስ አጣቢና ፖስታ ላይ ቁጥር ጻፊ ሆኜ ፎቶ ቤቱ ገባሁ። የሙያ አባቴን ጋሼ እላቸዋለሁ። ዜኒቷን ያስጨበጡኝ በገባሁ በስድስተኛው ወር ነው። ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ በምትባል ከተማ የተሠራች፣ እንደ ድንጋይ የከበደች ብረት ናት። ባትሪ የሚባል ነገር አታውቅም። ሌንሷ ሄሊዮስ 44-2 ይባላል፤ 58 ሚሊሜትር፤ የሰው ፊት የሚያምርበት ሌንስ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። በዜኒት መመልከቻ ስታዩ የሚታያችሁ 20 በ28 ሚሊሜትር ያህሉ ብቻ ነው፤ ፊልሙ ግን 24 በ36 ይቀበላል። ሲሰላ፣ ከሚቀረጸው ምስል ሲሶ ያህሉን አንሺው ራሱ አያየውም። ሙሽራና ሚዜ ብቻ ያነሳሁ ይመስለኛል፤ ፊልሙ ታጥቦ ሲደርቅ በጠርዙ በኩል የጎረቤት ልጅ እግር፣ የመጋረጃ ገመድ፣ ተራዋን የምትጠብቅ ባልቴት ገብታ አገኛለሁ። ጋሼ ሲያትሙ ጠርዙን ይሸፍኑታል። ደንበኛው የሚወስደው መካከሉን ነው። ጠርዙ ኔጋቲቩ ላይ ይቀራል።

ጨለማ ክፍላችን ከጓሮ በኩል ነበር። ዴቨሎፐሩ 20 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ የጎንደር የጥር ጠዋት ውሃ ደግሞ እጅ ይቆርጣል። ስለዚህ ጣሳውን ከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀምጠን በቴርሞሜትር እየለካን እንጠብቃለን። ወረቀቱ በቀይ አምፖል ሥር ፈሳሹ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚመጣው ጥቁሩ ነው፤ ፀጉር፣ ቅንድብ፣ የዓይን ብሌን። ፊቱ ቀስ ብሎ ይከተላል። ያን ያየ ሰው ሌላ ሥራ አያምረውም።

ጋሼ ሁለት ነገር አይምሩም ነበር፤ አንዱ ኔጋቲቭ ላይ የቀረ የጣት አሻራ፣ ሌላው ያልተመዘገበ ፖስታ። ፊልሙ ስድስት ስድስት ፎቶ እየሆነ ይቆረጥና ፖስታ ውስጥ ይገባል። ፖስታው ላይ ቁጥር ይጻፋል፤ መዝገቡ ላይ ቁጥሩ፣ ቀኑና የፎቶው ዓይነት ይሰፍራል። «ሰው ፎቶው ይጠፋበታል፤ እኛ ዘንድ መጥፋት የለበትም» ይሉኝ ነበር። ያን ጊዜ ይሰለቸኝ ነበር። ዛሬ ከተማርኩት ሁሉ ትልቁ ትምህርት እሱ ነው እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ከለር መጣ፣ ዲጂታል መጣ፣ ስልክ መጣ። የመጀመሪያውን በእጅ የሚያዝ ዲጂታል ካሜራ የሠራው ራሱ ፊልም ሻጩ ኮዳክ መሆኑ ግን እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ስቲቨን ሳሰን የተባለ ወጣት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራት መሣሪያ አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅባት ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ኮዳክ ፍርድ ቤት ቀርቦ የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። እኔ ዘንድ መጀመሪያ ወረቀቱ ጠፋ፤ ከዚያ ኬሚካሉ፤ በመጨረሻም ከለር የሚያጥብልኝ ላብ ተዘጋ። ጋሼም መዝገቡንና 11 ካርቶን ኔጋቲቭ ለእኔ ትተው ዐረፉ።

በ2010 ዓ.ም. የእህቴ ልጅ ከዋሽንግተን ለጥምቀት መጣች። ከሻንጣዋ አንዲት ትንሽ ካሜራ አውጥታ «አጎቴ፣ ይቺ ያንተ ናት» አለችኝ። ፉጂፊልም ኤክስ-ቲ20 ትባላለች። ስሙን ሳነብ ልቤ ሞቀ፤ ያ ስም በአረንጓዴ ካርቶን ስንት ዓመት መደርደሪያዬ ላይ የኖረ ነው። ባትሪዋ ገብቶ፣ ያለ ሌንስ 383 ግራም ትመዝናለች። ዜኒቷ ከነሌንሷ ወደ ኪሎ ትጠጋ ነበር። «ሚረርለስ ናት» አለችኝ። መስታወት የለሽ ማለቷ ነው።

እኛ የዜኒት ሰዎች የያዝነው መስታወት ያለበት ካሜራ ነበር። ብርሃን በሌንሱ ይገባል፤ ከፊልሙ ፊት ዘንበል ብሎ የቆመው መስታወት ይቀበለውና ወደ ላይ፣ ወደ ዓይናችን ይመልሰዋል። ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ተፈናጥሮ ይነሳል። ቋ! የሚያሰኘው እሱ ነው። በአዲሲቷ ግን ብርሃኑ በቀጥታ በፊልም ፋንታ የተቀመጠው ሴንሰር ላይ ያርፋል፤ ዓይናችሁን የምታስጠጉበት ቀዳዳ ውስጥም ትንሽዬ ስክሪን አለች። ብርሃኑን ስትቀንሱ ምስሉ እዚያው ይጨልማል፤ ስትጨምሩ ይፈካል። ድሮ ጨለማ ክፍል ገብቼ የምረዳውን፣ አሁን ቁልፉን ሳልጫን ተረዳሁት። ከፈለግሁም ምንም ድምፅ ሳታሰማ ታነሳለች።

በዚያ ጥምቀት ከሌሊቱ ጀምሮ ፋሲለደስ መዋኛ ዳር ቆምኩ። ካህናቱ ጸሎት ላይ ናቸው፤ ምእመኑ ጧፍ አብርቷል። በዜኒት ቢሆን እዚያ መሃል ቋ! ማድረግ ነውር ነው፤ አላደርገውም ነበር። በዚህች ግን አነሳሁ፤ አንድም ሰው ዞር አላለም። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ የተከናነበች አንዲት እናት፣ ፊቷ በጧፍ ብርሃን ብቻ የበራ፤ ያን ፎቶ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስፈልገው ኖሬ ያን ሌሊት አገኘሁት። ውሃው ተባርኮ ጎረምሶቹ መዝለል ሲጀምሩ ባትሪው አለቀ። አንድ ባትሪ 350 ያህል ፎቶ እንደሚያነሳ መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ትርፍ መያዝ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ትርፍ ባትሪ ኪሴ ውስጥ ሳይኖር ከቤት አልወጣም፤ ይህችን ካሜራ የምትገዙም እንዲሁ አድርጉ።

ማታ ፎቶዎቹን ስመለከት ንጹሕ ናቸው። ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። አዲሲቷ ሙሉውን ስለምታሳይ፣ ሳላየው በጠርዝ የገባ ነገር የለም። የጎረቤት ልጅ እግር የለም፤ ባልቴቷ የለችም። ካሜራዬን ወደድኳት፤ ይህን ግን ናፈቅሁ።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ደስታ አገኘሁ። መስታወቱ ሲወጣ ቦታው ተርፏል። በዜኒት ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ 45.46 ሚሊሜትር ነው፤ በዚህች ግን እስከ ሴንሰሩ 17.7 ብቻ። ይህን ልዩነት የሚሞላ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ቀለበት ይሸጣል። አስመጣሁትና የጋሼን ሄሊዮስ አዙሬ አጠበቅሁባት። ሴንሰሯ ከፊልም ስለሚያንስ 58 የነበረው ሌንስ የ87 ያህል ጠበብ ብሎ ያያል። የሰው ፊት ላይ ግን ያው የጥንቷ ሄሊዮስ ናት፤ ጀርባውን እንደ ደመና ታለሰልሰዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ አንዲት እናት በምርኩዝ እየተደገፉ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ የፎቶ ቤቱ ልጅ አንተ ነህ?»

«ነኝ እማማ፤ ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ክፈፍ ፈቱ። ክረምቱን ጣሪያቸው አፍስሶ፣ ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ለማላቀቅ ሲሞክሩ ፊቱ ተልጦ ሄዷል። ልጃቸው ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ፣ ከመሄዱ በፊት እኛ ዘንድ መጥቶ ተነሳ። አልተመለሰም። ሌላ ፎቶ የለውም።

«ቀኑን ያስታውሱታል?»

«እንዴት እረሳዋለሁ! ሰኔ ሚካኤል ባለፈ በማግስቱ፤ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት።»

መዝገቡን አወረድኩ። ሰኔ 13 ቀን 1980፤ ወታደር፤ ጉርድ አንድ፣ ሙሉ ቁመት አንድ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። ያን ቀን ከዜኒቷ ጀርባ የቆምኩት እኔ ነበርኩ፤ ልጁም እኩያዬ። ፖስታውን ከሰባተኛው ካርቶን አገኘሁት። ቁራጩን ወደ መስኮቱ ሳነሳ፣ ነጩ ጠቁሮ ጥቁሩ ነጥቶ፣ አንድ ልጅ ቆሟል።

ግን በምን ላትመው? ወረቀትም ኬሚካልም የለም። ማታ ከራሴ ጋር ስሟገት አደርኩና በነጋታው አዲሲቷን ካሜራ አፏን ወደ ታች ደፍቼ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አሰርኳት። ከሥሯ የወተት ቀለም ባለው ፕላስቲክ የተሸፈነ መብራት አደረግሁ። ኔጋቲቩን የሚይዝልኝን ክፈፍ ከጥቁር ካርቶን ቆረጥኩ፤ ቆዩኝማ፣ ይህን በደንብ ስሙ፤ የድሮው ማጉያ ክፈፍ ጠርዙን ስለሚሸፍን ሰፋ አድርጌ ነው የቆረጥኩት። ሄሊዮስን በማራዘሚያ ቀለበቶች አስጠጋኋት። ብርሃን ማስገቢያዋን 8 ላይ አደረግሁ፤ ስክሪኑ ላይ አጉልቼ የፊልሙ ቅንጣት እስኪታይ አጠራሁ። እጄ እንዳያነቃንቃት በሁለት ሰከንድ ቆጣሪ አስነሳኋት። ያንን ልጅ በ1980 ያየችው ዓይን ደግማ አየችው።

ምስሉን ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩት፤ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አደረግሁ። ልጁ ቀጥ ብሎ፣ ፀጉሩ ተበጥሮ፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፎ ወጣ። ከጎኑ፣ መጋረጃው በሚያልቅበት ጠርዝ፣ አንዲት ሴት አለች። ግማሽ አካሏ ብቻ ነው የገባው። እጇ ላይ የወንድ ኮት አለ።

እማማ በማግስቱ መጡ። ስክሪኑ ፊት አስቀመጥኳቸው። ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ምንም አላሉም። ከዚያ ጣታቸው ቀስ ብሎ ወደ ጠርዙ ሄደ።

«ይቺ እኮ እኔ ነኝ። ‹እማ፣ ኮቱን ያዢልኝ› ብሎኝ ነበር።»

እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። አላየኋቸውም ነበር፤ የዜኒቷ መመልከቻ አላሳየኝም። ጋሼም ሲያትሙ ሸፍነዋቸዋል። ከ31 ዓመት በላይ እናትና ልጅ አንዲት ቁራጭ ፊልም ላይ አብረው ቆመው ኖረዋል።

«በየትኛው መጠን ላትምልዎት?» አልኳቸው።

«ጠርዙን ብቻ አትቁረጠው» አሉኝ።

በቤታችሁ፣ ሣጥን ሥር ወይም የድሮ አልበም መሃል፣ የፊልም ቁራጭ ያላችሁ፣ እባካችሁ አትጣሉት። በጠርዙ ብቻ ያዙት፤ ጣት አታሳርፉበት፤ እርጥበት ከሌለበት ቦታ በወረቀት ፖስታ አኑሩት፤ ፖስታው ላይ የምታውቁትን ስምና ዓመት ጻፉ። መስታወት የለሽ ካሜራ የያዘ ልጅ ዛሬ ከየሰፈሩ አይጠፋም፤ ኔጋቲቩን እንደ እኔ አንስቶ እንዲገለብጥላችሁ ንገሩት። ሲያትምላችሁም ጠርዙን እንዳይቆርጠው አደራ በሉት።