የአባቶቻችን ማኅበር፦ ከሣር ቤት እስከ ሚክላት

በሰፈራችን ከአራት ፎቁ ሕንፃ ጀርባ አንድ ሚክላት አለ። ልጆች ሳለን የምናውቀው በመዓዛው ነበር። በወር አንድ ዓርብ ጠዋት የብረት በሩ ይከፈታል፣ ከታች የበርበሬና የቡና ሽታ ይወጣል፣ አባቶቻችን ጋቢያቸውን ጣል አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደረጃውን ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። እኛ ላይ ኳስ እንጫወታለን። ታች ምን እንደሚደረግ ጠይቀን አናውቅም። «ሽማግሌዎቹ ሞአዶናቸው ገቡ» እንል ነበር፣ በቃ።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው አስጠሩን። ከወጣት ማኅበራችን አምስት ሆነን ሄድን። አብልተው አጠጥተው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ጠየቁን፦ መዝገቡን ማን ይረከባል? የሚረከብ ከሌለ ለስግድ የመጨረሻውን ምሳ በልተን፣ በሣጥኑ የቀረውን ገንዘብ ለበጎ ነገር ሰጥተን እንዘጋዋለን አሉን። ወዲያው መመለስ አልቻልንም። ምን እንደምንረከብ እኮ አናውቅም! ጊዜ ስጡን አልንና በበጋው ዕረፍት አባቶችንና እናቶችን ቤት ለቤት እየዞርን ጠየቅን። ውድ አንባቢያን፣ የሰማነውንና ያነበብነውን እነሆ።

ጎንደር ላይ

ማኅበር ማለት እዚህ እንደምናውቀው አሙታ አይደለም። ቢሮ የለው፣ ማኅተም የለው። አባቶቻችን በነበሩባቸው የጎንደር መንደሮች ማኅበር ማለት ተራ ገብቶ መደገስ ነበር። የተወሰኑ አባወራዎች ይስማማሉ፣ በወሩ ተረኛው ይደግሳል፣ ሌሎቹ እሱ ቤት ይበላሉ፣ ሲነሡ የሚቀጥለው ተረኛ ታውቆ ይነሣሉ። ክርስቲያን ጎረቤቶችም ማኅበር ነበራቸው። የእነሱ በመልአክ ወይም በጻድቅ ስም ጽዋ የሚጠጣበት ነው። የእኛዎቹ ጋ ቄሱ ዳቦውን ባርኮ ይቆርሳል፣ ለእያንዳንዱም ያድላል። ከዚያ በፊት እጁን ወደ መሶቡ የሚዘረጋ የለም።

ተረኛው ቤት ሥራው የሚጀመረው ከብዙ ቀን በፊት ነው። ጌሾው ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይፈጫል፣ ጠላው ይጠነሰሳል። ድፎ ዳቦ ይጋገራል። ከብት ወይም በግ ከታረደ ሥጋው በደንብ ይበስላል፤ ቤተ እስራኤል ጥሬ ሥጋ አይበላም። ሥጋ የሌለበት ወር በሽሮና በንፍሮ ያልፋል፣ ማንም ቅር አይለውም። ቀኑ ሰንበት ላይ ከዋለ እሳት አይነድም፣ ዓርብ የተጋገረው ዳቦ ቀዝቅዞ ይበላል፣ ቡናም አይፈላም። በፋሲካ ደግሞ እርሾ የነካው ሁሉ ከቤት ይወጣል፤ እናቶቻችን አሮጌውን ሸክላ ሰብረው በአዲስ ይተካሉ፣ የሚበላው ቂጣ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ብለን ጠየቅን። መልሱ ከመሬት ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘነው። እስከ 1975 የመሬት አዋጅ ድረስ አብዛኛው ቤተ እስራኤል ርስት አልነበረውም። የሰው መሬት እያረሰ ከምርቱ ለባለርስቱ ይከፍላል። በተጨማሪ ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸማ ይሠራል፤ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። ሙያው እንጀራ ሰጥቷል፣ ስድብም አምጥቷል፤ «ቡዳ» መባልን ታላላቆቻችን ሁሉ ያስታውሱታል። እንዲህ ባለ ኑሮ አንድ ሰው በሬው ቢሞትበት ወዴት ይሂድ? በወር አንዴ አብሮ የሚበላ ሰው የማን በሬ እንደሞተ፣ የማን ጎተራ እንደጎደለ ሳይነገረው ያውቃል። ምሳው ላይ ሳይመጣ የቀረውን ሰውም በማግሥቱ ሄዶ ይጠይቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይኼ ነው።

ከክርስቲያኑ ጋርም ቢሆን ኑሮው ሙሉ በሙሉ የተቆራረጠ አልነበረም። አንዱ የሌላውን ዕርድ አይበላም። ግን ክርስቲያን ጎረቤት ሰርግ ሲኖረው ለቤተ እስራኤል እንግዶቹ በሕይወት ያለ በግ ለብቻ ይሰጣቸዋል፤ ራሳቸው አርደው፣ በራሳቸው ዕቃ ሠርተው ይበላሉ። ሥርዓትም ይጠበቃል፣ ጉርብትናም ይጠበቃል።

አንድ ነገር ሁሉም አባቶች ሳይጠየቁ አነሡት። ልጆች አይቀመጡም ነበር። ልጅ ማንቆርቆሪያ ይዞ የታላላቆችን እጅ ያስታጥባል፣ ከዚያ ጥግ ይዞ ይቆማል። ቆሞ ግን ይሰማል። ማን ከማን እንደተወለደ፣ የትኛው መሬት እንዴት እንደሄደ፣ አያቱ ምን ብሎ እንደተሟገተ የሚያውቀው በዚያ ነው። ትምህርት ቤታቸው ያ ማንቆርቆሪያ ነበር ብንል አላጋነንም።

መንገድ ላይ

ከዚያ ስደት መጣ። በእግር ወደ ሱዳን የወጡት በኡም ራኩባና በሌሎች ካምፖች ወራት፣ አንዳንዶቹም ከዓመት በላይ ቆዩ። አይሁድነታቸውን መደበቅ ስለነበረባቸው ተሰብስቦ ዳቦ መባረክ አይታሰብም። ወደ 4000 የሚጠጉ ወገኖቻችን በመንገድና በካምፕ አልቀዋል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ የመጡት ከዚያ የተረፉት ናቸው። ከሰፈራችን ሽማግሌዎች አንዱ ሲነግሩን፣ በሱዳን ምሳ ባይኖርም ማኅበር ነበር አሉ፤ የሚቀብር ማኅበር። ይህን ብለው ብዙ ዝም አሉ። እኛም አልጠየቅናቸውም።

በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ገደማ ገባ። መጀመሪያ ሆቴልና መርከዝ ክሊታ፣ ቀጥሎም ካራቫን። ሁልዳ፣ ናሐል በቃ፣ ጊቫት ሐማቶስ የሚባሉትን የካራቫን ሰፈሮች ወላጆቻችን ዛሬም በስም ይጠሯቸዋል። የእኛ አባቶች ማኅበር እንደገና የተጀመረው እንዲህ ካለ ካራቫን ውስጥ ነው። ጠባብ ነው፣ ግማሹ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይበላል። ጤፍ እንደልብ አይገኝም፣ እናቶቻችን በስንዴ ዱቄት ይጋግራሉ። ቢሆንም ተራው ተጠበቀ።

ሚክላቱ

ቤተሰቡ ወደ አፓርትማ ሲገባ ችግር መጣ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሠላሳ ሰው ተሰብስቦ ሲበላ ጎረቤት ይቆጣል፤ ስለ ጩኸቱም፣ ስለ ሽታውም። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ሚክላቱ በሰላም ጊዜ ይሰጠን ብለው አመለከቱ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ቁልፍ ተሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ ተራው ይዞራል፣ ቦታው ግን አይዞርም። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። ጎንደር ላይ ተረኛው እንግዳ ተቀባይ ነው፣ በሩ ላይ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ይላል። እዚህ ተረኛው ድስት ተሸካሚ ሆነ፤ ሚስቱ ፎቅ ላይ ትሠራለች፣ እሱ በፎጣ ጠቅልሎ መንገድ ያሻግራል።

የሥጋ ነገርም ነበር። በ1985 ከዋናው ረባኑት ፊት ለፊት ኢየሩሳሌም ላይ አንድ ወር ያህል የዘለቀ የተቃውሞ መቀመጥ ተደርጎ ነበር፤ ወገኖቻችን ለመጋባት ሥርዓተ መጥለቅ ይፈጽሙ መባሉ አይሁድነታችንን መጠራጠር ነው ብለው። ያ ቁስል ሚክላቱ ውስጥም ገባ። አንዳንዱ «ቄሴ ያረደውን ካልሆነ አልበላም» አለ። ሌላው ደግሞ ልጆቹ የሚማሩት በሃይማኖት ትምህርት ቤት ነውና ማኅተም ያለበት ሥጋ ይሻላል አለ። ለተወሰነ ጊዜ ሁለት ድስት ቀረበ። ሁለት ድስት ግን ሁለት ማኅበር ሊሆን ምን ቀረው? ክርክሩን የፈታው ስብሰባ አይደለም፣ ሽሮ ነው። ሥጋው ለበዓል ብቻ ሆነና በሌላው ወር ሁሉም ከአንድ መሶብ ሽሮና ምስር በላ። እኛ ስንሰማው ሳቅን። እነሱ አልሳቁም።

ከምሳው በኋላ

መዝገቡ ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ነው። የተረኛው ስም፣ የተዋጣው ገንዘብ፣ የቀረ ሰው፣ የቀረበት ምክንያት ተጽፎበታል። «ታሞ»፣ «ሥራ አልለቀቁትም»፣ «ልጁ ከጻባ መጥቶ»። ከአምስታችን ማንበብ የቻልነው ሁለታችን ብቻ ነን። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን፣ ግን እውነቱ ይኼ ነው።

ገንዘቡ ለምንድን ነው? በኢትዮጵያ ከተሞች ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ የተስፋፋው እድር ዋና ሥራው ቀብር ነው። እዚህ ግን የቀብሩን ወጪ ቢቱዋህ ለኡሚ ይሸፍናል። ታዲያ ምን ቀረ? ሐዘንተኛው ቀረ። ሰው ከአገሩ ዳር እስከ ዳር ይመጣል፤ አውቶቡስ፣ ወንበር፣ ድንኳን፣ ለሰባት ቀን ምግብ ያስፈልጋል። ደብተሩ ላይ ትልልቁ ወጪ ሁሉ የዚህ ነው። አባቶች ሲያስረዱን፣ በአገር ቤት ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ለብቻው ስለሚቀመጥ የሚበላውን ሌላው ይወስድለት ነበር። ስለዚህ ለሐዘንተኛ ምግብ መውሰድ እዚህ የተፈጠረ ደግነት አይደለም፤ የድሮው ግዴታ መልኩን ቀይሮ የቀጠለ ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ ደብተሩ ላይ የማይጻፍ። ዕብራይስጥ «እርስዎ» የሚል ቃል የለውም። አገሩ ላይ ሲሟገት ሰው የሚሰበሰብለት አባት እዚህ መጥረጊያ ይዞ ወይም በር ላይ ቆሞ ሲውል፣ የሃያ ዓመት አለቃ በስሙ ይጠራዋል። ባንክ ሲሄድ የሚያስተረጉምለት የአሥር ዓመት ልጁ ነው። ያ ልጅ እኛ ነን። ሚክላቱ ውስጥ ግን «እርስዎ ይቅደሙ» ይባላል። በወር አንድ ዓርብ ለሦስት ሰዓት ያህል ሙሉ ሰው ይሆናል። ለምን ታመውም እንደሚመጡ ያኔ ገባን።

ዕርቅም ነበር። የተጣሉ ሰዎች ከአንድ መሶብ አይበሉምና ከምሳው በፊት ይታያሉ፤ የበደለ ይካሳል፣ ይቅር ይባባላሉ፣ ከዚያ ይቀመጣሉ።

ያልተጻፉት

መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አንብበን አንድም የሴት ስም አላገኘንም። ያ ሁሉ እንጀራ፣ ያ ሁሉ ጠላ በማን እጅ ተሠራ? እናቶችን ስንጠይቅ መጀመሪያ ሳቁ። ኋላ ግን ተናገሩ። በዕርቁ ጊዜ ባል ቀርቦ ሲናገር ሚስት ቤት ሆና ፍርዱን ትሰማ ነበር። «ታገሺ» ተብላ የተመለሰች፣ መመለስ ያልነበረባት ሴት እንደነበረች ነገሩን። ይህን ሳንጽፍ ብናልፍ ታሪክ ሳይሆን ውዳሴ ይሆንብናል። በጉልበት የሚደረግ ነገር ለፖሊስና ለሕግ እንጂ ለምሳ የሚተው አይደለም።

በጥቅምት 2023 ሳይረኑ ሲጮህ ሕንፃው ሁሉ ወደ ሚክላቱ ወረደ። እናቶቻችን፣ ሕፃናት፣ ሩስኛ የሚናገሩት ጎረቤቶች። መሶቡ ጥግ ላይ፣ ወንበሮቹ ተደርድረው ነበር። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ለሴቶቹ ወንበር ለቀቁ። አንዲት እናት ሃያ ዓመት ለዚያ ክፍል ስሠራ ኖሬ ውስጡን ያየሁት ያኔ ነው አሉን።

መልሳችን

በበጋው መጨረሻ ተመልሰን ወረድን። እንረከባለን አልን፣ ሦስት ነገር አስከትለን። አንደኛ፣ የእናቶችና የእኅቶቻችን ስም መዝገብ ላይ ይገባል፣ ይቀመጣሉም። ሁለተኛ፣ የድሮው ደብተር ይገለበጥና በየወሩ አንድ ገጽ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ሦስተኛ፣ ማንቆርቆሪያው ይቀጥላል፤ ታናሽ ታላቁን ያስታጥባል፣ ወንድም ይሁን ሴት።

በመጀመሪያው ላይ ረዘም ያለ ክርክር ሆነ። አንድ አባት ተቆጥተው ወጡ። በሚቀጥለው ወር ግን መጡ፣ ከሚስታቸው ጋር። ሽማግሌዎቹም በበኩላቸው አንድ ነገር ጠየቁን፦ መዝገቡ በአማርኛ ይጻፍ፣ በእጃችሁ። ከዚያ ጀምሮ ማክሰኞ ማታ ሚክላቱ ውስጥ ፊደል እንማራለን። የመጀመሪያውን መስመር ስንጽፍ «ማኅበር» የሚለውን ቃል ተሳስተን ጻፍን፣ አንድ አባት በእርሳስ አረሙልን። እርማቱን አላጠፋነውም።

የቀጣዩ ወር ተረኞች እኛ ነን። የሚቀርበው ሽሮ ነው፣ ታሪኩን አሁን ታውቁታላችሁ። ወጥ መሥራት የማይችል ወንበር ይሸከም፣ ወንበር መሸከም የማይችል ይምጣና ይስማ። ለከርሞ በሰላም ያድርሰን።