አራዳ፣ ዳገቱና ብስክሌቱ

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በብስክሌት የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ላይ ደስ ይለዋል። እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁለት ነው፤ ፔዳል መምታት አያስፈልግም፣ ፍሬኑ ላይ ጣት ጣል ማድረግ ይበቃል። ድልድዩን ሲሻገር ግን ያ ሁሉ ደስታ ከነወለዱ ይከፈላል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ብዙው ሰው ወርዶ ይገፋል። ቸርችል ጎዳናም ያው ነው፤ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር መውረዱ ጨዋታ፣ መመለሱ ፍዳ። አዲስ አበባ ለምን የብስክሌት ከተማ አልሆነችም ሲባል ሁሉም ጣቱን ወደ ዳገቱ የሚቀስረው በከንቱ አይደለም።

ከፍታው ግን ሰበብ አይሆንም። አስመራም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ብስክሌት ግን የዕለት ኑሮዋ ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳነታቸው ረድቷቸው ተማሪውም ሠራተኛውም ይነዳባቸዋል። እሺ፣ ዳገት የለባቸውም እንበል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ ያለው መንገድስ? እዚያ ይህ ነው የሚባል ዳገት የለም፤ ብስክሌት ግን አልበረከተም። እንግዲህ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን። እኔ የማገኘው በበቅሎ ዘንድ ነው።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቤተ መንግሥቱ በአንድ ኮረብታ፣ የአራዳ ገበያ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ የመኳንንቱ ሰፈር ደግሞ በየጉብታው ሰፈረ። በመካከላቸው ክረምት ሲገባ የሚሞላ ወንዝ አለ። ተራው ሰው በእግሩ፣ ሸቀጡ በአህያ፣ ባለሥልጣኑ በበቅሎ ይሻገራል። በቅሎ መጓጓዣ ብቻ አልነበረችም። ከፊት ጠመንጃ ያዥ፣ ግራና ቀኝ አሽከር፣ ከኋላ የሚንጋጋ ተከታይ ነበራት፤ የሰውየው ክብር የሚገመተው ባስከተለው ሰው ብዛት ነው። የበላዩን መንገድ ላይ ሲያገኝ ከበቅሎው መውረድም ደንብ ነበር።

በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ ሲመጣ ይህን ሥርዓት አላፈረሰም። ጌታው ይቀመጣል፣ ሌላ ሰው ይነዳል፣ መንገደኛው ቆሞ ያያል። መኪና የበቅሎን ቦታ ወረሰ ማለት ይቻላል። ብስክሌት ግን የሚወርሰው ቦታ አልነበረውም። በብስክሌት ላይ ጌታውና አሽከሩ አንድ ሰው ናቸው፤ ራሱ ይነዳል፣ ራሱ ይደክማል፣ ራሱ ያልበዋል። አሽከር ላስከትል ቢል ለአሽከሩም ብስክሌት ሊገዛ ነው።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዝ ገበያውን ከአራዳ አንስቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ወሰደው። አራዳ ፒያሳ ሆነ፤ የሱቅ፣ የሲኒማና የቡና ቤት ሰፈር። ጣሊያኖቹ ለብስክሌት የነበራቸው ፍቅር አስመራ ላይ ሥር ሰድዶ፣ በ1938 ዓ.ም. ጂሮ ዴሪትሪያ የተባለው ውድድር እስከመጀመር ደረሰ። ፒያሳ ላይ የቀረው በአብዛኛው ካፑቺኖውና ጎሚስታው ነው።

ከነፃነት በኋላ ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ፣ አንበሳ አውቶቡስ፣ ኋላም ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባው ሴይቼንቶ ታክሲ መንገዱን ተካፈሉት። ብስክሌት በስፖርት በኩል ትንሽ ቀን ወጣለት። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ግን አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ የአገሩ ልብ ጠቅልሎ ወደ ሩጫ ገባ። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ የወጣው ከመቀሌ እንጂ ከአዲስ አበባ አልነበረም።

ለአዲስ አበባ ልጅ ብስክሌት ማለት ኪራይ ነው። ጃንሜዳና መስቀል አደባባይ ላይ በደቂቃ ሒሳብ ይከራያል፤ አከራዩ ሰዓቱን እያየ ይጮሃል። ከመቀመጫው ሆኖ እግሩ ፔዳል ላይ የማይደርስለት ልጅ አንድ እግሩን በብረቱ ሥር አሹልኮ ጎን ለጎን እየተንጋደደ ይነዳል። ጎማው ሲተነፍስ ጎሚስታው ካላማዳሪውን መዞ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ይነክረዋል፤ አረፋ የሚያወጣውን ቦታ በአውራ ጣቱ ይዞ ያደርቅና በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ማስቲሽ ቀብቶ ይለጥፈዋል። ልጁ ሲጎለምስ ብስክሌቱን እዚያው ትቶት ያድጋል። ጢም አውጥቶ በብስክሌት ቢሮ የሚሄድ ሰው፣ መኪና መግዛት ያቃተው ተብሎ ይታዘንለታል።

ነዳጅ እንኳ ይህን አመለካከት አልነቀነቀውም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲንር ታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ፤ አድማው የአብዮቱ መባቻ ሆነ። ከተማው ግን ብስክሌት አላነሳም፤ በእግሩ ሄደ። ዛሬም ከአዲስ አበባ ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው፤ ጫማ ዳገት አይመርጥም።

አሁን የብስክሌቱ ነገር ከላይ፣ ከመንግሥት መጥቷል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፈቱ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ከአራት ኪሎ ጋር ሲያድስ፣ በእግረኛ መንገዱ ጎን የብስክሌት መስመር ተዘረጋ። በዚያው ዓመት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። መስመሩን ሳየው ደስ ይለኛል፤ የእውነት። ግን ዶሮ ማነቂያ የሚባለው የፒያሳ ሰፈር ዛሬ የለም። ሥራው ደጃፉ የነበረ፣ በእግሩ አሥር ደቂቃ ሄዶ ሱቁን የሚከፍት የፒያሳ ሰው ቤቱ ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር ተዛውሯል። ብስክሌት የሚያዋጣው በአጭር መንገድ ነው፤ አጭር መንገድ የነበረው ሰው ርቆ ከሄደ በኋላ መስመሩ ደረሰ። በሥራ ቀን መስመሩ ላይ ከማያቸው አንዱ ምግብ የሚያደርስ ወጣት ነው፤ የሌላ ሰው ምሳ በጀርባው አዝሏል።

አንድ ነገር ግን ሊሠራ ይችላል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከቃሊቲ ተነስቶ ፒያሳ ምኒልክ አደባባይ ድረስ፣ ዋናውን ዳገት ጨርሶ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ወደ ማዘጋጃ ቤትም ሆነ ወደ አራት ኪሎ የሚቀረው ለብስክሌት የሚመች ርቀት ነው። ደህና ብስክሌት ግን ከአንድ ጀማሪ ሠራተኛ የወር ደመወዝ በላይ ያወጣል፤ ስለዚህ ጣቢያው በር ላይ በደቂቃ የሚከራይ ብስክሌት ቢቆም፣ ከተቻለም ለራስ መኮንን ዳገት የሚያግዝ ባትሪ ያለው ቢሆን፣ ኪራዩን ሕፃን ሳለ የለመደው ሰው ሒሳቡን ለመረዳት አይቸገርም።