አሚር አብዱልቃድርና የደማስቆ ክርስቲያኖች

በገዛ ሃይማኖቱ የጸና ሰው የሌላውን ሃይማኖት ሰው ሊወድ አይችልም፤ ሌላውን የሚወድም በሃይማኖቱ የላላ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን ከሚያስረዱት ታሪኮች አንዱ የአልጄሪያው ሙስሊም የአሚር አብዱልቃድር ታሪክ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አብዱልቃድር በ1808 ዓ.ም. በአልጄሪያ ምዕራብ በመዓስከር ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ በእኛም አገር በሐረርና በወሎ የታወቀው የቃዲሪያ መንገድ ሼህ ነበረ፤ ልጁንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቁርዓን ትምህርት አሳደገው። ፈረንሳዮች በ1830 አልጀርስን ያዙ። ከሁለት ዓመት በኋላም የአገሩ ነገዶች አብዱልቃድርን ገና ጎልማሳ ሳለ አሚር አድርገው መረጡት፤ እርሱም ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ስለ አገሩ ተዋጋ።

በ1847 እጁን በሰጠ ጊዜ ወደ እስክንድርያ ወይም ወደ ዓካ በነፃ እንዲሄድ ቃል ተገብቶለት ነበር። ነገር ግን የፈረንሳይ መንግሥት ቃሉን አጥፎ ወደ ፈረንሳይ ወሰደውና አምስት ዓመት ያህል አሰረው። ከቤተ ሰቡና ከተከታዮቹም ብዙዎች በእስር ቤት ሞቱ። በ1852 ተፈትቶ ወደ ቱርክ ግዛት ሄደ፤ በ1855ም ደማስቆ ገብቶ ተቀመጠ።

በ1860 በሊባኖስ ተራራ በድሩዞችና በማሮናውያን ክርስቲያኖች መካከል ጦርነት ተነሣ። በደማስቆም ክርስቲያኖች በ1856ቱ አዋጅ እኩል መብት በማግኘታቸው ቅር የተሰኘ ብዙ ሰው ነበረና፥ የጦርነቱ ወሬ እንደ እሳት ሆነበት። በሐምሌ መጀመሪያ ሁከት ተነሥቶ የክርስቲያኖች ሰፈር ተቃጠለ፤ በጥቂት ቀን ውስጥም በሺህ የሚቈጠር ሰው ተገደለ።

ያን ጊዜ አብዱልቃድር አብረውት የተሰደዱትን አልጄሪያውያን አስከትሎ ወደሚቃጠለው ሰፈር ሄደ። ወንዱን፥ ሴቱን፥ ሕፃኑን፥ መነኵሴውን ሁሉ እየሰበሰበ ወደ ቤቱ አስገባ፤ ቤቱ ሲሞላም በዘብ እያስጠበቀ ወደ ከተማው ግንብ ላከ። ከተጠጉት አንዱ የፈረንሳይ ቆንስል ነበረ፤ ይኸውም ቃሉን አጥፎ ያሰረው መንግሥት እንደራሴ ነው። የተቆጡ ሰዎች ደጁ ላይ ተሰብስበው ክርስቲያኖቹን እንዲሰጣቸው ቢጠይቁት እምቢ አለ። በዚህም ብዙ ሺህ ነፍስ ዳነ። በሚዳን ሰፈር የነበሩ ሙስሊሞችም እንዲሁ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን ጠበቁ።

ከዚህ በኋላ መንግሥታት ኒሻን ላኩለት። ፓቪ የተባለው የአልጀርስ ጳጳስም የምስጋና ደብዳቤ ጻፈለት። አብዱልቃድር ሲመልስ፥ ያደረገው ነገር የእስልምና ሕግና የሰው ልጅ መብት የሚያዝዙት ግዴታ መሆኑን ገለጠ። በካውካሰስ ከሩሲያ ጋር ለብዙ ዘመን የተዋጋው ኢማም ሻሚልም በስደት ሳለ ሥራውን አመሰገነ።

ወጣቶች ሆይ፥ ይህን ልብ አድርጉ። በደጁ የጮኹትም፥ በሩን የዘጋባቸው እርሱም፥ በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። ነገር ግን እነርሱ ስሙን ሌላውን ለመክሰስ ያዙት፤ እርሱ ግን ራሱን ለማዘዝ ያዘው። ሃይማኖቱ ከአባቱ የወረሰው ብቻ ሳይሆን በጸሎትና በምርምር የራሱ ያደረገው ነበረ። መዋቂፍ በተባለው መጽሐፉ ፈጣሪ ከማንኛውም ወገን አሳብ በላይ መሆኑን አስተምሯል። እንዲህ ያለውን አምላክ የሚያመልክ ሰው ደጁን ለተጨነቀ እንዴት ይዘጋል?

አብዱልቃድር በ1883 በደማስቆ ሞተ፤ አገሩ ነፃ ከወጣች በኋላም በ1966 ዐፅሙ ወደ አልጄሪያ ተመለሰ። ሲኖርም ሲሞትም ሙስሊም ነበረ። ክርስቲያኖቹን ያዳነው ከእስልምናው ጥቂት ቀንሶ አይደለም፤ እስልምናውን እስከ መጨረሻው አጥብቆ በመያዙ ነው እንጂ። እንግዲህ የአንድን ሰው እምነት ለመመዘን የምንወድ ብንሆን፥ የሚጠላውን ሰው ብዛት አንቊጠር፤ በጭንቅ ቀን ከጥላው ሥር የተጠለለውን እንቊጠር።